«ሾተል» ተብሎ የተሸጠው ሁሉ፦ በኢንተርኔት ሐራጅ በሚቀርቡ የኢትዮጵያ ስለቶች መግለጫ ላይ የቀረበ ሒስ

አሮጌ ሰይፍ፣ ጎራዴ ወይም ጩቤ ለመሰብሰብ የሚፈልግ የኤውሮጳ ወይም የአሜሪካ ሰው ቀድሞ የጥንት ዕቃ መሸጫዎችን ይዞር ነበር፤ ወይም ከሐራጅ አዳራሽ ገብቶ የአጫራቹን መዶሻ ይጠብቅ ነበር። ኢቤይ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1995 ከተመሠረተ ወዲህ፣ የቀድሞዎቹም የሐራጅ ቤቶች በየጊዜው ወደዚያው አሠራር ስለ ገቡ፣ ገዢና ዕቃ ሳይገናኙ ዋጋ መቍረጥ የተለመደ ነገር ሆነ። ስለቱን የሚገዛው ሰው ከመግዛቱ በፊት አይነካውም፤ አይመዝነውም፤ ከአፎቱም አይመዘውም። በፊቱ ያለው ጥቂት ፎቶግራፍና ከፎቶግራፉ ሥር የተጻፈ አምስት ወይም ስድስት መስመር መግለጫ ብቻ ነው። ስለዚህ ገንዘቡን የሚያወጣው ለብረቱ ብቻ አይደለም፤ ስለ ብረቱ ለተነገረውም ቃል ነው።

ይህ መግለጫ አጭር በመሆኑ እንደ ጽሑፍ ቈጥሮ የሚመረምረው ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ስለ ኢትዮጵያ የጦር መሣሪያ ከተጻፈው ሁሉ በብዙ ሰው ዓይን ሥር የሚያልፈው ይኸው ሳይሆን አይቀርም። የተሸጡ ዕቃዎች መዝገብ ብዙ ጊዜ ከሽያጩ በኋላ ስለሚቆይ፣ ዕቃው ወደ ገዢው ቤት ከገባ በኋላም መግለጫው በአደባባይ ይቀራል። አንድ ተማሪ ስለ ሾተል ለመጻፍ ቢነሣ፣ አስቀድሞ የሚያገኘው ከሙዚየም መዝገብ ወይም ከሊቃውንት ጽሑፍ ይልቅ የሻጩን ቃል ሊሆን ይችላል። የሻጭ ቃል ደግሞ ለመሸጥ የተጻፈ ነው። ይህ ብቻውን ነቀፋ አይደለም፤ ነቀፋው የሚመጣው ለመሸጥ የተጻፈው ቃል ለማወቅ እንደ ተጻፈ ተቈጥሮ ሲጠቀስ ነው።

የተለመደው አጻጻፍ በአማርኛ ቢነገር ይህን ይመስላል፤ የአበሻ ሾተል፣ 19ኛው ክፍለ ዘመን፣ እጀታው የአውራሪስ ቀንድ፣ ከአሮጌ ስብስብ የተገኘ። ከነዚህ ቃላት አንዱም ያለ ምክንያት የገባ የለም። ነገር ግን እያንዳንዱ ሲመረመር፣ የሚናገረው ስለ ዕቃው ሳይሆን ስለ ገበያው ሆኖ ይገኛል።

አስቀድሞ ስሙ። አማርኛ ለስለት ስም አያንሰውም። ሰይፍ፣ ጎራዴ፣ ሾተል፣ ሻሞላ፣ ጩቤ፣ ካራ፣ ቢላዋ፣ ሰንጢ፣ እያለ በቅርጽም በአገልግሎትም ይለያል። በጠባቡ አነጋገር ሰይፍ የሚባለው ቀጥ ያለና በሁለት ወገን የተሳለው ነው። ጎራዴ በአንድ ወገን የተሳለና በመጠኑ የጐበጠ፣ ከኤውሮጳ ፈረሰኛ ሰይፍ ጋር የሚቀራረብ ነው። ሾተል ግን እንደ ማጭድ እጅግ የቈለመመ፣ በሁለት ወገን የተሳለ ስለት ነው፤ ከጋሻ በስተኋላ ያለውን ሰው በጋሻው ጠርዝ ላይ ዞሮ ለመውጋት የሚመች ስለ ሆነ ቅርጹ ለውጭ አገር ሰው ልዩ ሆኖ ታየ። ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በ1884 ባሳተመው የሰይፍ ታሪክ መጽሐፉ ውስጥ ሳይቀር ይህ የአበሻ ቆልማማ ሰይፍ ተነሥቷል። እንግዲህ ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ እየተላለፈ የታወቀው ስም ሾተል ስለ ሆነ፣ ሻጩ ስሙን ለጎራዴውም ለሰይፉም ይሰጠዋል። ገዢው በመፈለጊያው ላይ የሚጽፈው ቃል ሾተል ነውና፣ ጎራዴ ተብሎ የቀረበው ጎራዴ ሳይታይ ሊቀር ይችላል፤ ሾተል ተብሎ የቀረበው ጎራዴ ግን ይታያል። ስሕተቱ ካለማወቅ ጀምሮ በጥቅም ይጸናል።

ለነገሩ አማርኛ ተናጋሪውም ቢሆን በዘወትር ንግግር ሰይፍና ጎራዴን ሁልጊዜ አጥርቶ አይለይም። በሽለላና በፉከራ ውስጥ ደግሞ ስሙ የሚመረጠው በስለቱ ቅርጽ ሳይሆን በቃሉ ድምፅ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የሻጩን ስሕተት ለማረም የሚነሣ ሰው የራሱንም አገር አነጋገር አስተካክሎ ማጥናት አለበት እንጂ፣ አንዱን ስም ለአንዱ ቅርጽ ለዘላለም የተሰጠ አድርጎ መያዝ አይገባውም።

በጩቤዎች ዘንድ ያለው መደባለቅ ከዚህ የባሰ ነው። የአፋር ሰው በወገቡ ፊት ለፊት አግድም የሚታጠቀው፣ ሰፊና በሁለት ወገን የተሳለ፣ ጫፉ በመጠኑ የዞረ ጩቤ ጊሌ ይባላል፤ እጀታው ብዙውን ጊዜ የእንጨት ሲሆን አፎቱ ከቆዳ ይሠራል። ይህ ጩቤ በሐራጅ መዝገብ አንድ ጊዜ የሱማሌ፣ አንድ ጊዜ የሱዳን፣ አንድ ጊዜ ደግሞ የየመን ጀምቢያ ሆኖ ይገኛል። ጀምቢያን ያየ ሰው የዓረቦቹ አፎት ወደ ላይ እንደ መንጠቆ መታጠፉንና እጀታው መካከሉ ቀጥኖ ሁለቱ ጫፎቹ መስፋታቸውን ያውቃል። ከቀይ ባሕር ወዲህና ወዲያ ያሉ ሕዝቦች በንግድ የተሳሰሩ ስለ ሆኑ የስለቶቹ ዝምድና ሊጠና የሚገባው ነው። ዝምድናን ማጥናትና የአንዱን ዕቃ በሌላው ስም መሸጥ ግን የተለያዩ ሥራዎች ናቸው።

ስለ ዕድሜው የሚሰጠው ቃል ከስሙ ይበልጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል። አንድ የኢትዮጵያ ጎራዴ አንድ ዕድሜ የለውም፤ ቢያንስ ሦስት አለው። ብረቱ በአንድ ዘመን፣ እጀታው በሌላ፣ አፎቱም በሌላ ዘመን የተሠራ ሊሆን ይችላል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ ብዙ ብረት ከኤውሮጳ፣ በተለይም ከጀርመኒቱ የስለት ከተማ ከዞሊንገን፣ እየመጣ በአገር ውስጥ እጀታና አፎት ተሠርቶለታል። ከነዚህም ውስጥ የይሁዳ አንበሳ ምስልና የዳግማዊ ምኒልክ ስም በአማርኛ ፊደል የተቀረጸባቸው አሉ። ሻጩ የምኒልክን ስም ሲያይ ጎራዴው የንጉሡ ወይም የዐድዋ ነው ብሎ ለመጻፍ ይቸኩላል። የንጉሠ ነገሥቱ ስም ግን የሚያስረዳው ብረቱ ምኒልክ ዘውድ ከጫኑበት ከ1889 (እ.ኤ.አ.) በፊት ተቀረጸ ለማለት የማይቻል መሆኑን ብቻ ነው፤ መቼ ታጠቁት፣ ማን ታጠቀው፣ ለሚለው ጥያቄ መልስ የለውም። ጽሑፉን ራሱን አንብቦ የሚያቀርብ ሻጭም ብርቅ ነው። አንዳንዱ ፊደሉን ዐረብኛ ይለዋል፤ አንዳንዱ ኮፕቲክ ይለዋል፤ ፎቶግራፉ ተገልብጦ ፊደሉ በራሱ ቆሞ የሚታይበትም ጊዜ አለ። አማርኛ ለሚያነብ ሰው ከዚህ መግለጫ ይልቅ የደበዘዘው ፎቶግራፍ ብዙ ይነግረዋል።

19ኛው ክፍለ ዘመን የሚለው ቃል ሌላም አገልግሎት አለው። በእንግሊዝ አገር ርዝመቱ 50 ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ ቆልማማ ሰይፍ መሸጥ እ.ኤ.አ. በ2008 ሲከለከል፣ ከ1954 በፊት የተሠራው ወይም በጥንታዊ ዘዴ በእጅ የተሠራው ከክልከላው ነጻ ሆነ። ሕጉ የታሰበው በመንገድ ላይ ለሚፈጸም ወንጀል ነው፤ ሾተልን ያሰበው ሰው አልነበረም። ሆኖም ከዚያ ወዲህ ዕድሜን መጻፍ ዋጋ ማስጨመሪያ ብቻ ሳይሆን መከላከያም ሆነ። ለሻጩ የሚበጀው አሮጌ የሚለው መልስ እንደ ሆነ አስቀድሞ በታወቀበት ጥያቄ ላይ የሚሰጥ የዕድሜ ምስክርነት ለታሪክ ጸሐፊ ብዙ አይረዳም። ስለ እጀታውም እንዲሁ ነው። የአውራሪስ ዝርያዎች ሁሉ እ.ኤ.አ. በ1977 በዓለም አቀፉ የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት ጥብቅ ክልከላ ሥር ስለ ገቡ፣ ቀድሞ ለዋጋው ሲባል የጎሽም ቀንድ ሳይቀር የአውራሪስ ለመባል ምክንያት ነበረው፤ አሁን ደግሞ የአውራሪሱ ቀንድ እንዲያው ቀንድ ተብሎ ቢታለፍ ለሻጩ ይቀለዋል።

ከአሮጌ ስብስብ የተገኘ የሚለው የመጨረሻው ሐረግ ከሁሉ የከበደ ነው፤ ምክንያቱም ስለ ኢትዮጵያ ስለት ሲነገር ሐራጅ ራሱ የታሪኩ ክፍል ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ፣ የእንግሊዝ ጦር ከአምባው ላይ የዘረፈው ንብረት በ15 ዝሆንና ወደ 200 በሚጠጋ በቅሎ ተጭኖ ወደ ደላንታ ሜዳ ወረደ፤ በዚያም ለሁለት ቀን ሐራጅ ተጠርቶ ወደ 5,000 ፓውንድ የሚጠጋ ገንዘብ ተገኘና ለወታደሮቹ ተከፋፈለ። በዚያ ሜዳ የተደረገው ነገር ሽያጭ ብቻ አልነበረም። ትናንት ምርኮ የነበረው ዕቃ ዛሬ ዋጋ የተከፈለበት የግል ንብረት ሆነ። ከዚያ በኋላ የወታደሩ ልጅ፣ የልጅ ልጁም፣ ሲጠየቅ በሐራጅ የተገዛ ነው ብሎ ለመመለስ ይችላል፤ አልዋሸምም። የዛሬው የኢንተርኔት ሐራጅ ያንኑ ሥራ በጸጥታ ይደግመዋል። ሐራጅ የሚለው ቃል ከዐረብኛ ወደ አማርኛ ሲገባ የጠሪውን ድምፅ ይዞ ነው የገባው፤ በአደባባይ ይጮኻል፤ የሚቃወም ካለ ይሰማል። የአሁኑ ሐራጅ ድምፅ የለውም። መቅደላ የሚለው ስም በመግለጫው ላይ ሲጻፍም ዋጋ የሚያስጨምር ጌጥ ሆኖ እንጂ የባለቤትነት ጥያቄ ሆኖ አይጻፍም። አንድ ሻጭ በአንድ መስመር ዕቃው ከዘረፋ የመጣ መሆኑን እየመሰከረ በሚቀጥለው መስመር መነሻ ዋጋውን ይገልጻል፤ የሁለቱ መስመሮች መከታተል ጸሐፊውን የሚያስደነግጠው አይመስልም።

እስከዚህ የተባለው ሁሉ በትጋት ሊታረም የሚችል ነው ሊባል ይቻል ይሆናል። ለገበያው የሚከራከሩ ሰዎችም የሚሉት ይህንኑ ነው፤ ይኸውም ከብዙ ተጫራቾች መካከል አዋቂ አይጠፋም፣ የአዋቂው ዕውቀት በዋጋው ላይ ይታያል፣ ስለዚህ መግለጫው ቢሳሳት ዋጋው ያርመዋል ነው። ክርክሩ ሲሰሙት የሚያሳምን ይመስላል። የሐራጁን ሥርዐት በቅርብ ያዩት ሊቃውንት ግን የደረሱበት ሌላ ነው። አልቪን ሮዝና አክሰል ኦከንፈልስ የተባሉ ሁለት የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ በተቈረጠ ደቂቃ የሚዘጋውን የኢቤይን ሐራጅ ከአማዞን የዚያን ጊዜ ሐራጅ ጋር አነጻጸሩ፤ በአማዞን በመጨረሻው ሰዓት ዋጋ የጨመረ ሰው ካለ ጊዜው ይራዘም ነበር። በኢቤይ ተጫራቾቹ እስከ መጨረሻዎቹ ሰኮንዶች ይደበቃሉ፤ ይህም ከኮምፒዩተር ይልቅ በጥንት ዕቃዎች ላይ ይበረታል። ከምክንያቶቹ አንዱን ለመረዳት አያስቸግርም። የኮምፒዩተርን ዋጋ ማንም ያውቀዋል፤ የአሮጌ ዕቃን ዋጋ ግን የሚያውቀው አዋቂው ነው፤ አዋቂው ቀደም ብሎ ዋጋ ቢጠራ ዕቃው ዋጋ ያለው መሆኑን ለማያውቁት ይነግራቸዋል። ስለዚህ ዝም ይላል።

የዚህ ነገር ትርጕም ለባሕል ጥናት ከባድ ነው። የማይታወቅ ጩቤ ተብሎ የቀረበው ዕቃ ጥሩ ጊሌ መሆኑን የለየ ሰው ለሻጩ ጽፎ ስሙን ቢያሳርም፣ ራሱ የሚከፍለው ዋጋ ይጨምራል። ዝም ብሎ ቢጠብቅ በርካሽ ይገዛል። ገዝቶም ከወሰደ በኋላ የተሳሳተው መግለጫ በመዝገቡ ላይ እንደ ነበረ ይቀራል፤ የሚያርመው ሰው ምንም አይጠቀምም። በሊቃውንት ማኅበር ዘንድ የሌላውን ስሕተት ያረመ ሰው ይመሰገናል፤ በዚህ ገበያ ግን ስሕተቱን ያወቀና የሸሸገ ይከፈለዋል። እንግዲህ መግለጫዎቹ የሚሳሳቱት ሻጮቹ ከሌላው ነጋዴ የባሰ ሐሰተኞች ስለ ሆኑ አይደለም። ከነሱ መካከል የማያውቁትን አላውቅም ብለው የሚጽፉ፣ የተጠገነውን ተጠግኗል የሚሉ ቅን ሰዎች አሉ። ክፋቱ በሥርዐቱ ላይ ነው፤ ዕውቀት ወደ መዝገቡ እንዳይገባ የሚከለክል ዋጋ ተቈርጦበታል። የዋጋውም ቍጥር አያርመውም፤ ሁለት አዋቂዎች በአንድ ምሽት ሲገናኙ ዋጋው ይሰቀላል፣ አንድ ብቻ ሲገኝ ይወርዳል፤ ያው ጎራዴ ያው ነው።

መዝገቡ ከነጭራሹ ይጣል ማለት ግን አይደለም። ለንደን ወይም ፓሪስ ሄዶ የሙዚየም ሣጥን ለማስከፈት ለማይችል የአዲስ አበባ ወይም የጐንደር ተመራማሪ እነዚህ ፎቶግራፎች ታላቅ ሀብት ናቸው። ቀድሞ በሊቃውንት መጻሕፍት ውስጥ አንድ ሾተል በአንድ ሥዕል ይታይ ነበር፤ አሁን ብዙ ሾተሎችን ጐን ለጐን አድርጎ የቆልማማነታቸውን መጠን፣ የእጀታቸውን አቀራረጽ፣ የአፎታቸውን ቆዳና ጫፍ ማስተያየት ይቻላል። የሚጐድለውም ብዙ ነው። ርዝመቱ ሲጻፍ በቀጥታ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተለካ ይሁን ወይም ጕብጠቱን ተከትሎ የተለካ ይሁን አይነገርም፤ ለሾተል ደግሞ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ቀላል አይደለም። ክብደት እምብዛም አይጠቀስም። ፎቶግራፉ የሚያሳየው ያማረውን ወገን ነው፤ ኢትዮጵያዊው ተዋጊ ሰይፉን በቀኝ ጐኑ ይታጠቅ ስለ ነበረ፣ የአፎቱ ጀርባና የመታጠቂያው ማሰሪያ ስለ አታጣጠቁ የሚመሰክሩ ሆነው ሳለ ከሥዕሉ ውጭ ይቀራሉ። ብረቱ ወደ እጀታው የሚገባበት ቦታም፣ ኋላ የተገጣጠመውን ከጥንቱ ለመለየት የሚረዳው፣ እንዲሁ ነው። በሙዚየም መስታወት ውስጥ ያለው ጽሑፍም ቢሆን ሁልጊዜ ከዚህ የተሻለ አለመሆኑን መካድ አይገባም፤ ልዩነቱ ሙዚየሙን መጠየቅ የሚቻል መሆኑ ነው።

በመግለጫዎቹ ሁሉ ውስጥ ከቶ የማይገኝ አንድ ስም አለ፤ እሱም የሠሪው ስም ነው። የዞሊንገን ብረት ላይ የፋብሪካው ምልክት ስለ ተመታ ሻጩ በደስታ ይጽፈዋል። የአገር ቤቱ ቀጥቃጭ ምልክት ስላላስቀመጠ ሠሪው ያልታወቀ ተብሎ ይታለፋል። በዚህ ግን የውጭውን ነጋዴ ብቻ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ሰይፉን የታጠቀው መኰንን በፉከራው የራሱን ስም፣ የፈረሱን ስም፣ የአባቱን ስም ይጠራ ነበር እንጂ የቀጥቃጩን ስም አይጠራም ነበር። ብረት የሚያቀልጠው ሰው በብዙ የአገሪቱ ክፍል ቡዳ እየተባለ የተፈራና የተናቀ፣ በመሬት ይዞታም ሆነ በጋብቻ ከሌላው የተለየ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በጥር 1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት መድረሳቸው የንቀቱን ብዛት ያሳያል። ስለዚህ የሠሪው ስም የጠፋው ዕቃው አገሩን ከመልቀቁ በፊት ነው፤ ሐራጁ የጨመረው ነገር ቢኖር የቀረውን ምልክት፣ ማለት አውራጃውንና ሕዝቡን፣ ማጥፋት ነው።

ከነዚህ ቀጥቃጮች መካከል በጐንደር ዙሪያ፣ እንደ ወለቃ ባሉ መንደሮች፣ በብረትና በሸክላ ሥራ የሚታወቁት ቤተ እስራኤሎች ይገኙባቸው ነበር። እነሱም እ.ኤ.አ. በ1984 እና 1985፣ ከዚያም በ1991 በተደረጉት ታላላቅ ጉዞዎች አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ሄደዋል። ከአባታቸው ወናፍ አጠገብ ያደጉ ሽማግሌዎች በሕይወት ሳሉ የአንዱን ጩቤ ፎቶግራፍ ይዞ ቀርቦ፣ አባቴ፣ ይህ አሠራር የየት ነው፣ ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ አንድ መቶ መግለጫ ከሚያነብ ተማሪ ይበልጥ ያተርፋል። ይህ ሥራ ጊዜ የሚሰጥ አይደለም።

የዝርፊያውም ጥያቄ ቢሆን በጽሑፍ ምልክት ላይ ተንጠልጥሏል። የመቅደላን ቅርስ ለማስመለስ እ.ኤ.አ. በ1999 የተመሠረተው ማኅበርና ሌሎችም የደከሙበት ነገር በጥቂቱ ፍሬ ሰጥቷል፤ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 በእንግሊዝ አገር በኒውካስል ከተማ ለሐራጅ ቀርቦ የነበረ አንድ ጋሻ ከሽያጭ ወጥቶ በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ወደ ኢትዮጵያ ተመልሷል። ጋሻውን ለማስቆም ክርክሩን ያጠነከረው በላዩ መቅደላ የሚለው ስምና የ1868 ዓመት መቀረጹ ነው፤ ዘራፊው ራሱ የጻፈው ማስረጃ ሆነበት። ባለ እንጨት እጀታ ጊሌ፣ የአገር ቀጥቃጭ የሠራው ካራ፣ አፎቱ የጠፋ ሾተል ግን እንዲህ ያለ ጽሑፍ የለባቸውም። የማን እንደ ነበሩ የሚናገር ነገር ስለሌላቸው የሚከራከርላቸውም አይገኝም፤ ሰዓቱ ሲሞላ መጨረሻ ዋጋ ለጠራው ይሰጣሉ።